የቀለም ቀቢው የቤት ሥራ

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ኖሯል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከአፉ የወጣችው ትልቋ ምስጋና ግን አንዲት ቃል ናት፦ «አይከፋም።» ልስልስ ያለ ጣሪያ ጨርሶ ከመሰላል ሲወርድ አንገቱን ቀና አድርጎ ያይና «አይከፋም» ይላል። የወንድሙ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ስትመረቅ እጇን ጨብጦ «አይከፋም» ብሏታል። ምግብ ቀርቦለት፣ ሁለቴ አስጨምሮ፣ ሳህኑን ጠርጎ ሲያበቃ የሚለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የሥራ ጓደኞቹ ነገሩ ስለሰለቻቸው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው በዚችው ቃል ይጠሩት ጀመር። ዛሬ በግንባታ ሠራተኛ መሀል «ጋሽ አይከፋም» ሲባል የማያውቀው የለም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ምቀኝነትም የለበትም። ሰውየው በማወዳደር ነው የሚያምነው። ደንበኛ ቀለም ምረጥልኝ ሲለው መዳፍ መዳፍ የሚያክል ናሙና ግድግዳው ላይ ይቀባል፤ አንዱን፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላውን፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ «ይሄኛው ከዚያኛው ይሻላል» ይላል። ይሻላል ለማለት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። «ከሁሉ ይበልጣል» ለማለት ግን ሁሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ሁሉን ደግሞ ማን አይቶ ጨረሰ? ስለዚህ አይልም። እንዲህ ያለው ሐቀኝነት ለግድግዳ መልካም ነው። ትዳር ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ጣጣ አለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ክፍል፣ መስኮቱ ስር ተቀምጧል፤ ስትስቅ ድምጿ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ነገር ሰፍታ በጨረሰች ቁጥር ይዛው መጥታ ፊቱ ትቆማለች። «እንዴት ነው?» ትላለች። «አይከፋም» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር። በኋላ ለመደችው። ይባስ ብላ ለደንበኞቿ ትቀልድበት ጀመር፦ «ባሌ አይከፋም ካለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልበሱት፣ እሱ ሌላ ቃል አልተሰጠውም።»

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ለእህቷ ልጅ ሠርግ ብላ ለራሷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋች። ሁለት ሳምንት ደከመችበት፤ ወገቡን ፈትታ እንደገና ሰፋችው፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ቀየረችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለብሳው ከመኝታ ቤት ወጣች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠና እንደወትሮው ቃሉን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ሚስት ሆዬ አጠገቡ ደረሰች፤ አለፈችው፤ በሩን ከፈተችና ጎረቤታቸውን ነርሷን ጠራቻት። «ነይማ፣ እስቲ እዪኝ! እንዴት ነው?»

ነርሷ እንደ ጉድ ጮኸች። ዙሪ አለቻት፣ ዞረች፤ እንደገና ዙሪ አለቻት። ባልየው ከኋላቸው «አይከፋም»ን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

አጋጣሚ ነው ብሎ አለፈው። በሳምንቱ ፀጉሯን አሳጥራ መጣች፤ አልጠየቀችውም። የወንበሮቹን ልብስ ቀየረች፤ አልጠየቀችውም። ለአንዲት ሙሽራ ያን የሚያህል ቬሎ ሰፍታ ስታስረክብ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዞርም ብላ አላየችው። አላኮረፈችም፣ አልተጣሉም፣ ራቱ ይቀርባል፣ ጨዋታው አለ። መጠየቁን ብቻ ነው የተወችው። ሦስት ወር ሙሉ። ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እሱን ግን ውስጥ ውስጡን በላው። ሰው ውኃ ከማይወርድበት ቧንቧ ስር ባልዲ አይደቅንም፤ ሚስቱም ባልዲዋን አንስታ ሄደች ማለት ነው። ያቺን «እንዴት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ አንድ ጊዜ ደግሞ መስማት ፈለገ፤ ፍላጎቱ ይኸው ነበር።

አንድ ሁለቴም ሞከረ። «ያ ቀሚስ...» ብሎ ጀመረ። «የቱ ቀሚስ?» አለችው ክር እየበጠሰች። «ምንም፣ ዝም ብዬ ነው» አለና ወደ ውጭ ወጣ። ምላሱ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቃል ኖሮ ሁለተኛ ከየት ያምጣ?

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው መጣ።

ቀለም የሚያመርተው ፋብሪካ ልምድ ካላቸው ቀቢዎች መሀል አሠልጣኞች እመርጣለሁ አለ። የተመረጠ ሰው መሰላል መውጣት ቀርቶለት ወጣቶችን እያስተማረ ይኖራል። ጉልበቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ በየደረጃው ስሞታ ስለሚያሰማ ቀለም ቀቢያችን ተመዘገበ። ችግሩ የሥልጠናው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ መሆኑ፣ ፈታኙም ከውጭ የሚመጣ ሰው መሆኑ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የቋንቋ ትምህርት ከፈተ። ዘጠኝ ቀቢዎችና ለሳኞች፣ ሁሉም ከሃምሳ በላይ የሆናቸው፣ የቀለም ጣሳ ገልብጠው ተቀመጡ። አስተማሪዋ ቀጭን ልጅ እግር ሴት ናት። ሁሉንም አንቱ ትላለች፣ ማንንም ግን አትምርም።

ማወዳደሪያው ላይ ሲደርሱ ጋሽ አይከፋም ተዋጣለት። ልጅቱ ሁለት ጣሳ አስቀምጣ ትጠቁማለች፤ እሱ ጣቱን ያወጣል። ይሄ ከዚያ የበለጠ ነጭ ነው፤ ዋይተር! ይሄ ከዚያ ይወፍራል፤ ቲከር! ይሄኛው ግድግዳ ከዚያኛው የባሰ ነው፤ ወርስ! ሌሎቹ ከእሱ ይኮርጁ ጀመር። ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ በሌላ ቋንቋ መጣለት እንጂ ምን አዲስ ነገር አለው።

በማግስቱ አስተማሪዋ ሦስተኛ ጣሳ ጨመረች። «አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን እንላለን። ዋይት፣ ዋይተር፣ ዋይተስት። ይቀጥሉ፣ ጋሼ። የትኛው ነው ዋይተስት?»

ጋሼ ሦስቱን ጣሳ አየ። ግምጃ ቤቱን ዞሮ አየ። «ቲቸር፣ ከእነዚህ ሦስቱ ነው ወይስ ከሁሉ?»

«ከሁሉ ይበሉ።»

«ሁሉን መች አየሁና?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ፋብሪካው ጓሮ ያልተከፈተ ስንት ሺህ ጣሳ አለ፤ ነገ ደግሞ አዲስ ይመጣል፤ እንዴት አድርጎ ነው ይሄ ከሁሉ ይነጣል የሚለው? አስተማሪዋ በጥርስ፣ በተራራ፣ በወንዝ ሞከረችው። በረጅሙ ወንዝ ትንሽ ተስማማ፤ እሱንም የለኩት ሰዎች ካሉ ብሎ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም አልፈው እሱ ብቻ እዚያው ቆሞ ቀረ።

የመጨረሻው ዕለት ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረችው። «ጋሼ፣ የቃል ፈተናው የሚያውቁትን አንድ ሰው መግለጽ ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር፣ አሥሩም በ‹ከሁሉ› የሚሄዱ። ስለ ማን ነው የሚያወሩት?»

«ስለ ሚስቴ» አለ ሳያስብ።

«እሺ፣ አንድ ይበሉኝ።»

ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ጆሮው ቀላ። «ሺ ኢዝ...» አለ። ከዚያ ወዲያ ድርቅ።

ልጅቱ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ያስቸገረዎት እንግሊዝኛው አይደለም፣ ጋሼ» አለችውና መብራቱን አጠፋች። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሚሠራው አንዲት የጥርስ ሐኪም ልትከፍት ያሰበችውን ክሊኒክ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል። መጋረጃዎቹን የምትሰፋው የገዛ ሚስቱ ናት። እሱንም ሥራ ሊያበላሽባት ነበር እኮ! ሐኪሟ «ባለቤትዎ ጎበዝ ሰፊ ናቸው?» ብላ ብትጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ሚስትዎ ናቸው ወይስ ባላንጣዎ?» አለችው። ደግነቱ ኤሌክትሪሻኑ እዚያው ሽቦ እየጎተተ ነበርና «ዶክተር፣ ከዚህ ሰውዬ አፍ አይከፋም ማለት ሜዳሊያ ነው፣ ይስጧት» ብሎ አዳነው።

የቤት ሥራውን የሚሠራው እዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። በቀለም እጁ ደብተር አይያዝም፣ በእጁ ያልጻፈው ነገር ደግሞ ጭንቅላቱ አይገባም። ስለዚህ አንደኛውን እጅ ቀለም ይቀባና እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ውኃ ባቀጠነው ትራፊ ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ዓረፍተ ነገሩን ግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለተኛውን እጅ ይቀባበትና ያጠፋዋል። በዚህ ዓይነት ከተማው ውስጥ ስንት ሰው ከቲከርና ከዋይተር ጋር አብሮ እንደሚተኛ የሚያውቅ የለም።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ጧት ሐኪሟ መጣች። የሕክምና ክፍሉን ነጭ ገና አልመረጠችም። እሱ አሥራ አራት ነጭ ናሙና ቀብቶ ይጠብቃት ነበር፤ ለእኔና ለእናንተ አሥራ አራቱም ነጭ ናቸው፣ ለሁለቱ ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፍጡር ነው። ሐኪሟ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ መብራት አብርታ አጠፋች። ከዚያ ዘጠነኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ነው። በቃ።»

«ዶክተር፣ ካታሎጉ ውስጥ እኮ ገና ሃምሳ ነጭ አለ። እነሱንም ይዩአቸው።»

«ይኑሩዋ! ምን አገባኝ?»

«ታዲያ ከሁሉ መብለጡን በምን አወቁት?»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ሳቀች። «ሌላ ማየት አላሰኘኝማ፣ ጋሼ። ከዚህ ወዲያ የሚመጣውን ነጭ ሁሉ ከዚህኛው ጋር ነው የማስተያየው፣ ይሄኛውን ከማንም ጋር አላስተያይም። በሉ ይቅቡልኝ፣ ነገ መጋረጃ ይሰቀላል» ብላ ደረጃውን ወረደች።

ቀለም ቀቢው ሮለሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ደንበኛ ሲመርጥ አይቷል፤ አንድ ቀን እንኳን ሰዎቹ የት ላይ እንደሚያቆሙ አስተውሎ አያውቅም። ሁሉን አይተው አይደለም የሚያቆሙት። ስለ ሚስቱ አሰበ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ማየት አሰኝቶት ያውቃል? ባዶው ክፍል ውስጥ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱ እጅግ ቀላል ስለነበር ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። ሴት ባየ ቁጥር እኮ የሚያስተያየው ከእሷ ጋር ነው! የዚህች አካሄድ ከእሷ ይፈጥናል፣ የዚያች ሳቅ ከእሷ ያንሳል። ናሙና መቀባቱን ካቆመ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ለግድግዳው ግን ቀለሙ ይሄ ነው ብሎ አልነገረውም።

ሐኪሟ የመረጠችውን ነጭ አንደኛ እጅ ቀባ፤ እስኪደርቅም ጠበቀ። አሁኑኑ ካልጻፈው የሚያመልጠው መሰለው። ብሩሹ ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ቀለም ማቅጠን ጊዜ ይፈጃል። መስኮቱ ደፍ ላይ የኤሌክትሪሻኑ ጥቁር ማርከር ተቀምጧል። አነሳና ጻፈ።

እዚህ ላይ ማንኛውም ቀቢ ጭንቅላቱን ይይዛል። ማርከር የቀለም ጠላት ነው። እርጥብ ቀለም ሲቀቡበት ድምጥማጡ ይጠፋል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ግን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስት እጅ ቢጨምሩበት፣ አምስት እጅ ቢጨምሩበት ይወጣል፤ የሚያቆመው ለዚሁ ተሠርቶ ከሥር የሚቀባ ቀለም፣ ፕራይመር ብቻ ነው። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ኤሌክትሪሻኑን በየማለዳው «ግድግዳዬ ላይ በማርከር ምልክት ብታደርግ እጅህን ነው የምቀባልህ» እያለ የሚያስፈራራው እሱ ነው። ያን ቀን ግን እንኳን ማርከሩን ራሱንም ያወቀ አይመስልም። አሥር ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበባቸው። እንደገና አነበባቸው። ከዚያ ሁለተኛውን እጅ ቀባ፤ ግድግዳው ንጹሕ ነጭ ሆነ፤ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ሊነግራት ቆርጦ ነበር። እሷ መጋረጃውን እየጨረሰች ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ጨርቅ ሆኗል። «ስሚ» አላት። «አቤት» አለች። «ነገ ፈተና አለብኝ» አላት። «ይቅናህ!» አለች። ንግግሩ እዚህ ላይ አለቀ። ወይ ምላስ!

በማግስቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፈታኙ ፊት ቀረበ። ፈታኙ ግዙፍ፣ ፂማም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አስተማሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ስለማን ነው የምታወራው አለው። ማይ ዋይፍ አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው! ግድግዳው ላይ የጻፈው ሁሉ ዓይኑ ላይ መጣለት፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላው ይከተላል። ሁለት ሦስት ቦታ ተሰናክሏል፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፤ ግን አልቆመም። አሥሩን ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ ፈታኙ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ሚስትህ ይህን ታውቃለች?» አለው በእንግሊዝኛ።

ጥያቄው ያለ አስተርጓሚ ገባው። «ኖ» አለ። ይህች አጭር ቃል ከአሥሩ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከበደችው።

«በቋንቋው አልፈሃል» አለ ፈታኙ። «ሌላውን አንተ ታውቃለህ።» አስተማሪዋ ከጥግ ተነስታ አጨበጨበች። እሱ ገና ደስታውን ሳያጣጥም ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኤሌክትሪሻኑ ነው።

«ጋሼ፣ ማርከሬን ማን ነካብኝ?»

«ምን?»

«ቶሎ ና! ግድግዳህ እያወራ ነው። ዶክተር እዚህ ናት። እትዬም መጋረጃ ልትሰቅል መጥታለች።»

ክው አለ። ማርከሩ ትዝ አለው፤ ከማርከሩ ጋር አሥሩም ትዝ አሉት። ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ሦስቱን ፎቅ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣው፤ ጉልበቱም ደንግጦ ይሁን አዝኖለት ትንፍሽ አላለም።

ሲገባ ሁሉም ቆመዋል። ነጩ ግድግዳ ላይ አሥር መስመር ጽሑፍ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሐኪሟ እጇን አጣጥፋ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ተቆጥታ ይሁን ሳቅ ይዟት አይለይም። ኤሌክትሪሻኑ ወደ ጣሪያ ያያል። ሚስቱ መስኮቱ ዘንድ መሰላል ላይ ሆና መጋረጃውን ታቅፋለች።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ እያለከለከ። «ፕራይመር አመጣለሁ፣ ዛሬውኑ አጥፍቼ እንደገና...»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች ሐኪሟ። «ባለቤትዎ ምን ይላል ብለው ለመኑኝ። እኔ አላነብም ብያለሁ። የጻፈው ሰው ያንብበው።»

ሚስቱ ከላይ ቁልቁል አየችው። «ይሄ ኤሌክትሪሻን ልጅ ስለ አንቺ ነው አለኝ። ዶክተር ደግሞ ያዩታል ይስቃሉ፣ ያዩታል ይስቃሉ። ስድብ ከሆነ በእንግሊዝኛ ለምን ደከምክ? እኔ በማውቀው ቋንቋ አትሰድበኝም?»

«ስድብ አይደለም።»

«እንግዲያው አንብበዋ!»

መሸሺያ የለም። ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነበበ፣ ከዚያ በአማርኛ አለው፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ቀጠነ። «ሚስቴ በሰፈሩ ካሉት ሁሉ ቀጥ ያለ ስፌት ትሰፋለች።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሚስት። ፊቷ ግን ተለወጠ። «ቀጥል።»

«ሳቋ ከሰው ሁሉ ሳቅ ይጮኻል።»

«ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ክስ?»

«ምስጋና ነው። ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ እሰማዋለሁ። ከዚያ እፈጥናለሁ።»

ይህን ግድግዳው ላይ አልጻፈውም፤ ከራሱ ነው የጨመረው። ኤሌክትሪሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀለም ቀቢው ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ ብርድ ልብስ በመንጠቅ ከዓለም አንደኛ ናት ይላል። ሐኪሟ ከዚህ በላይ መያዝ አቃታትና ሳቋን ለቀቀችው። ሚስት መሰላሉ ላይ ሆና «ውሸታም! ጠርዙን ይዘህ የምትንከባለለው አንተ!» ብላ ጮኸች፤ ትንሽ ክርክር ተነሳ፤ ኤሌክትሪሻኑ ዳኛ ልሁን ቢል ሁለቱም ዝም በል አሉት። ትዕግሥቷ ከሰው ሁሉ ይበልጣል፣ ማስረጃው አብራው የምትኖረው ሰው ነው ሲል ተቃዋሚ አልተገኘም። ስኳር ከሰው ሁሉ አብዝታ ሻይ ላይ ትጨምራለች፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ሲሸኙ ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጣ በድብቅ ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ይህን ሲያነብ ማንም አልሳቀም። «አይተኸኛል?» አለች በቀስታ። «አይቼሻለሁ» አላት።

ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ተነፈሰ።

«ሰማያዊው ቀሚስ በዕድሜዬ ካየሁት ልብስ ሁሉ ያምራል።»

ሚስቱ ከመሰላሉ ወረደች። አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ፤ መጋረጃው ከኋላዋ ይጎተታል። ፊት ለፊቱ ቆመች። «መቼ አየኸው?»

«ከመኝታ ቤት ስትወጪ አየሁት። በሩን ከፍተሽ ነርሷን ስትጠሪም አየሁት። ስትዞሪ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ጠየቅኩህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

ሰበብ ቢፈልግ ባገኘ ነበር፤ ሁሉን አላየሁም፣ በምን አወዳድሬ፣ ምኑን ከምን። አልፈለገም። «ጥፋቴ ነው» አለ። «አንቺ ስትተዪው ነው የገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ ቤቱ ጭር አለብኝ።»

ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አሥረኛው ምን ይላል?»

«አሥረኛው...» ግድግዳውን አላየም፤ እሷን አያት። «ከሁሉ የምትበልጪ ሰው ነሽ ይላል።»

«ሁሉን አይተሃል እንዴ አንተ?» አለች፤ ታውቀዋለቻ።

«አላየሁም። ማየትም አላሰኘኝም።»

በዚህ ጊዜ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች፤ የመስኮቱ መስታወት እስኪነዝር ድረስ። ባሏን፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ቃል ደጃፍ ቆሞ ኖሮ እንደዚህ ቀላል መሆኑ ገረመው። እሷ ፊቷን መጥረጊያ አጣችና በያዘችው ጨርቅ ሞዠቀችው።

«መጋረጃዬ!» አለች ሐኪሟ።

«አጥበዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ግድ የለም፣ ይድረቅ። እኔማ ግድግዳውን ባልነካው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው አፉን ከፍቶ ሲቀመጥ የሚያነበው ነገር ያገኛል። ግን የጥርስ ሕመምተኛ ስለ ብርድ ልብስ እያነበበ ቢስቅብኝ መሰርሰሪያው ያመልጠኛል። ያጥፉልኝ፣ ጋሼ» አለችና ዓይኗን እየጠረገች ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ኤሌክትሪሻኑም ማርከሩን አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተና ተከተላት።

ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ገባ። ቀለም ቀቢው ፕራይመሩን አምጥቶ ከአሥረኛው መስመር ጀምሮ ወደ ላይ ማጥፋት ያዘ። ቅር አላለውም፤ የሚነበብለት ሰው ሰምቷል። ከኋላው ሚስቱ መሰላሉን መልሳ ወጥታ የመጋረጃውን ቀለበቶች አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ ታስገባለች። ስለ ፈተናው ጠየቀችው፣ ማለፉን ነገራት፣ ከመሰላል መውረዱ ነው ብላ ተደሰተች፤ እሷ መሰላል ላይ ሆና። ሁለት ሦስት ስፒል በከንፈሯ ይዛለች፤ የመጋረጃውን ጫፍ ጎትታ ዘረጋችው፤ ወደ እሱ ሳትዞር፣ በጥርሷ መሀል ተናገረች።

«እንዴት ነው?»

እጁ ግድግዳው ላይ ቀረ። እሷ ምን እንዳለች አላስተዋለችም፤ ሐሳቧ ጨርቁ ላይ ነው። እሱ ግን ሰማ። ሮለሩን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠ፤ እጁን ጠረገ፤ መሀል ክፍሉ ድረስ መጥቶ ደህና አድርጎ አየ። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ ለስልሶ ተኝቷል። የግራው ጫፍ በአንድ ጣት ዝቅ ብሏል፤ ይህንንም አየ።

«የግራውን በአንድ ጣት ከፍ አድርጊው» አለ። «ሌላው ግን ያምራል። በጣም ያምራል።»

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ምን አልክ? አልሰማሁህም።»

በደንብ ሰምታዋለች። ደገመላት።